ስዬ የመለስኩት ሰንሰለት

የሥራ ዘመናቸውን ትዝታ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጡረታ የወጡ ናቸው። እኔ ገና ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ጅማ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የእንጨት ሥራ አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት ግን አምስት ዓመት የሞተር መጋዝ ሥራ ሠርቻለሁ። ያን ሥራ ጨርሼ ትቼዋለሁና በእሱ በኩል ጡረተኛ ነኝ ብል ውሸት አይሆንም።

እንድጽፍ ያነሳሳኝ የአንዲት ተማሪዬ ጥያቄ ነው። ጥያቄዋን ስደርስበት እናገራለሁ፤ ነገር በቅደም ተከተል ካልሄደ አይገባኝም።

አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ከሸዋ ወደ ጅማ ተመድቦ መጣና እዚሁ ቀረ። ቤታችን ቦሳ ኪቶ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ኮሌጅ በማታው ክፍለ ጊዜ ገባሁ፤ ቀን ደግሞ እዚያው ሰፈር ጋሽ ደምሴ በሚባሉ ሰው የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጠርኩ። ደመወዙ ለትራንስፖርትና ለደብተር ይበቃ ነበር። ግንድ በሞተር መጋዝ እየቆረጥን ለጣውላ እናዘጋጃለን። ጋሽ ደምሴ ተማሪ መሆኔን ሲሰሙ «ፕሮፌሰር» ብለው ስም አወጡልኝ።

ሰንሰለት በደነዘ ቁጥር አወቱ መንደራ ወደሚገኝ አንድ ሱቅ እወስደዋለሁ። ሰውየው በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር ድንጋይ በአንድ ጊዜ ይስለዋል። ችግሩ ድንጋዩ ከሚያስፈልገው በላይ ብረት ይበላል፤ ጥርሱም ሲግል ሰማያዊ ቀለም ያወጣል፤ ሰማያዊ የሆነ ጥርስ ጥንካሬው ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ዓመት ሊያገለግል የሚችል ሰንሰለት በጥቂት ወር ያልቃል።

«ጋሼ፣ ጥርሱ እኮ አለቀ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«የኔም አልቋል» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ግን ሥጋ እበላለሁ። ውሰድና አስለህ ና።»

ኋላ አስተማሪዬ የሆኑትን አባ ቢያን ያገኘኋቸው እዚያው ጋሽ ደምሴ ሥራ ቤት ነው። ከአጋሮ የዋንዛ ግንድ ጭነው መጥተው ሒሳብ እስኪሰጣቸው በር ላይ ቆመው ሥራዬን ያያሉ። ዕድሜያቸው ያኔ ወደ ስልሳ ይጠጋል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ቆብ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው ከመጋዙ ሥር ሰጋቱራ ዘገኑና በመዳፋቸው አሹት።

«ይሄ ዱቄት ነው» አሉ። «መጋዛችሁ ይፈጫል እንጂ አይቆርጥም።»

«ዱቄት ከሆነማ ገበያ እናውጣው» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«የሚጋግረው ካገኘህ አውጣው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ሰንሰለቱን በምን እንደምንስለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና «ድቡልቡል ሞረድ ግዛ፣ አጋሮ ና፣ አሳይሃለሁ» አሉኝ። ሄድኩ። ሞረድ ለመማር ሄጄ፣ ማታ ማታ ለትምህርቴ ጅማ እየተመለስኩ፣ ሦስት ዓመት ተኩል አብሬያቸው ሠራሁ።

ሥራቸው የቡና ጥላ ማሳሳት ነው። ለማያውቅ ላስረዳ። ቡና ጥላ ይፈልጋል፤ ጥላው ሲበዛ ግን ቅጠል ብቻ ይሆናል እንጂ ፍሬ አይዝም። ስለዚህ በየጥቂት ዓመቱ ሰሳ፣ ዋንዛ፣ ብርብራ የሚባሉትን የጥላ ዛፎች ማሳሳት ያስፈልጋል። ዛፉን ግን እንዳለ መጣል አይቻልም፤ ሥሩ ያለውን ቡና ይሰባብራል። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ፣ በገመድ እየያዙ ነው የሚወርደው። እኔ ገመዱን እይዛለሁ፤ እሳቸው ይቆርጣሉ። ከአጋሮ ዙሪያ እስከ ሊሙ ገነት ባለ እርሻዎች ይጠሯቸዋል። «አባ ቢያ የቆረጡበት ቡና ቅጠሉ አይረግፍም» ይባል ነበር።

ይህን ያህል የተፈለጉት በጉልበታቸው አልነበረም፤ በሞረዳቸው ነው። አሳሳላቸውን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ማየት እችላለሁ። መጀመሪያ ሥራ ቦታው ላይ ጉቶ ይፈልጉና በመጋዙ አንድ ስንጥቅ ያወጡበታል። ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት ከነሰንሰለቱ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ያቆሙታል፤ ይህ ሞርሳቸው ነው፣ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ከጥርሶቹ ሁሉ አጭሩን ፈልገው በከሰል ምልክት ያደርጉበታል።

«ከአጭሩ ጀምር» ይሉኛል። «ሌሎቹ እሱን እስኪመስሉ ይጠብቃቸዋል። ከረጅሙ ከጀመርክ አጭሩ ሲከተል ዕድሜውን ይጨርሳል።»

ሞረዱን የሚገፉት ወደ ፊት ብቻ ነው። ሲመልሱ ያነሱታል፤ እየጎተቱ መመለስ ሞረዱን ያደነዝዛል። ለእያንዳንዱ ጥርስ እኩል ምት፤ በኦሮምኛ እየቆጠሩ፦ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። ሦስት። ቀጣዩ ጥርስ። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። ሰው ቢያናግራቸው አይመልሱም፤ ባለ እርሻው ራሱ ቢሆን ቆሞ ይጠብቃል። እኔ በጉጉት ስቸኩል «ሱታ፣ ሱታ» ይሉኛል፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው።

ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች። ብዙ ሰው ልብ አይላትም። ጥርሱ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንጨት እንደሚነክስ የምትወስነው እሷ ናት። ከፍ ካለች መጋዙ አይነክስም፤ ዝቅ ካለች ከልኩ በላይ ነክሶ ይይዛል፤ የያዘ መጋዝ ደግሞ እንደ በቅሎ ይረግጣል። አባ ቢያ ይህችን ጉብታ የሚለኩበት አንዲት ትንሽ የብረት መለኪያ ነበረቻቸው። ከሸሚዛቸው ኪስ አትለይም። አበድረዋትም አያውቁም።

በመጨረሻ ሞተሩን ከማስነሳታቸው በፊት የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በእያንዳንዱ ጥርስና በእያንዳንዷ ጉብታ ላይ ያስኬዳሉ። ማንም ይሳለው፣ ራሳቸውም ቢስሉት። «ዓይኔ ሊዋሽ ይችላል፤ ጥፍሬ ግን ምን ቸገረው» ይሉ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ። ጥፋቴን ለመረዳት ግን የአገሩን አንድ ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። በአጋሮ ገጠር መጥረቢያ፣ ማጭድ ወይም ሌላ ስለት ያለው ዕቃ የተዋሰ ሰው ስሎ ይመልሳል። ስለ መሳሉም አያወራም። ባለቤቱ ደግሞ የተመለሰለትን ዕቃ በመለሰው ሰው ፊት አይመረምርም፤ መመርመር አላምንህም ማለት ነው። ተቀብሎ ያስቀምጣል፣ ወይም ይዞት ወደ ሥራው ይሄዳል።

አንድ ሐሙስ ማታ ቦሳ ኪቶ ነፋስ ቀላቅሎ ዘነበና የወላጆቼ ግቢ ባሕር ዛፍ አጥራችን ላይ ወደቀ። የጎረቤት መውጫም ዘጋ። አባ ቢያ ዓርብ ለጁምዓ ሲሉ ስለማይሠሩ መጋዛቸውን ለዓርብ ቀን ብቻ እንዲያውሱኝ በስልክ ለመንኳቸው።

«ና ውሰድ» አሉ። «ቅዳሜ ጠዋት ግን ሰሳ ይጠብቀናል።»

ዓርብ ጠዋት ወሰድኩት። ዛፉን ቆራርጬ ልጨርስ ስል ሰንሰለቱ ከአጥሩ ሚስማር ጋር ተጋጨ። ስድስት ወይም ሰባት ጥርስ ጫፉ ተቆረጠ። በሞረድ ሁሉንም ወደ አጭሩ ጥርስ ማውረድ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ እኔ ደግሞ በማግሥቱ በጠዋት አጋሮ መሆን አለብኝ።

አንድ ወር ቀደም ብዬ ከሂርማታ ገበያ ያገለገለ ትንሽ ግራይንደር፣ ያው የሱቁን ዓይነት የሚሽከረከር ድንጋይ፣ ገዝቼ ነበር። ለአባ ቢያ አልነገርኳቸውም፤ ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ። እሱን አወጣሁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጥርሶቹን ሁሉ አስተካከልኩ። እንዳይግሉ እየጠበቅሁ፣ በጥንቃቄ ነው የሠራሁት፤ ስለዚህ ግራይንደሩን አልወቅስም። ጥርሶቹ ግን በጣም ስላጠሩ ጉብታዎቹ ከፍ ብለው ቀሩ፤ መጋዙም አልነክስ አለ። ጉብታዎቹን ማውረድ ነበረብኝ። መለኪያዋ አጋሮ፣ አባ ቢያ ኪስ ውስጥ ናት። ጠፍጣፋ ሞረድ አነሳሁና በዓይኔ እየገመትኩ አወረድኳቸው። ሞከርኩት፤ አሁንም አልነክስ አለ። ጨመርኩ። ከዚያ እርጥቡን ባሕር ዛፍ እንደ ቅቤ በላው። ሰፋፊ ፍቅፋቂ እየዘረገፈ ሲሄድ ሳይ ደስ አለኝ። አባ ቢያ እንኳ እንዲህ አያደርጉትም ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መጋዙን በጆንያ ጠቅልዬ እርሻው በር ላይ ሰጠኋቸው። ከፈቱት። ፊት ለፊታቸው ቆሜአለሁ፣ ጆንያው እጄ ላይ ነው። ሰንሰለቱ ሲያብረቀርቅ አዩ፤ ጥፍራቸውን ግን አላስኬዱም።

«ማሻላህ» ብለው ሞተሩን አስነሡ።

እርጥብ ባሕር ዛፍና የደረቀ የሰሳ ቅርንጫፍ አንድ አይደሉም። በገመድ ያወረድነውን ቅርንጫፍ መሬት ላይ ቆመው ሊቆራርጡት ገቡ። ከቅጠሉ ጀርባ የተደበቀ ሌላ እንጨት ነበር። የመጋዙ ጫፍ ነካው፣ ነክሶ ያዘ፣ ረገጠ። ወደ ላይ ተፈናጥሮ ግራ ትከሻቸውን መታቸው። መጋዙን ከእጃቸው ጥለው ቁጭ አሉ። አልጮኹም። ነጭ ሸሚዛቸው ሲቀላ ጭብጥ አድርገው ይዘውት «ሞተሩን አጥፋው» ነው ያሉኝ።

የእርሻው ባለቤት በፒክአፑ ጭኗቸው ወደ ሐኪም ቤት በረረ። እኔ ዕቃ ሰብስቤ እንድከተል ተነገረኝ። ብቻዬን ስቀር መጋዙን አነሣሁና ጥፍሬን ጉብታዎቹ ላይ አስኬድኩ። እጄ ሲነካቸው ከልኩ በላይ ማውረዴ ገባኝ። ሰንሰለቱን ፈታሁ። ከሻንጣቸው እሳቸው ራሳቸው የሳሉትን ትርፍ ሰንሰለት አውጥቼ አስገባሁ። እኔ የሳልኩትን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ማንም አላየኝም።

ባለ እርሻው በነጋታው መጋዙን አገላብጦ አየው። «መጋዙ ምንም የለበትም፤ ሰንሰለቱም በደንብ ተስሏል» አለ። ሐኪም ቤት ስጠይቃቸው አባ ቢያም ይህንኑ ሰምተው ነበር።

«መጋዙ አይደለም» አሉኝ። «እጄ ነው። እጄ አረጀ።»

«አይዞዎት» አልኳቸው።

ቁስሉ በሦስት ወር ደረቀ። አባ ቢያ ግን ወደ ሥራ አልተመለሱም። ባለ እርሻዎች ሲጠሯቸው በሰው ቡና ላይ አልጫወትም ብለው እምቢ አሉ። ቀጥሎ መጋዙን ሸጡ። ከዚያ በኋላ የሚጠራቸው ጠፋ። እኔም ትምህርቴን ጨርሼ ኮሌጁ ሲቀጥረኝ ሥራውን ተውኩ። ለሰው የምናገረው ምክንያት የተሻለ ደመወዝ ነበር። እውነቱ ግን ከዚያ ቀን በኋላ የመጋዝ ድምፅ ስሰማ መንገድ እቀይራለሁ።

በዚህ ዓመት «የመጋዝ ሰንሰለት በቤት ውስጥ በአነስተኛ ወጪ አሳሳል» የሚል ትምህርት እንዳዘጋጅ ተሰጠኝ። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ከሰቃ፣ ከጌራ፣ ከሊሙ የመጡ ናቸው፤ ሲመለሱ በየመንደሩ ይህንኑ ሊሠሩ ነው። ሰሌዳው ላይ መንገዶቹን ጻፍኩ። ሱቅ ወስዶ ማሳል ዛሬ ቀላል ነው፣ ሰንሰለቱን ግን ቶሎ ይጨርሳል። ግራይንደር ፈጣን ነው፤ ለተሰበረ ጥርስ ይረዳል፣ መብራት ሲጠፋ ግን ይቆማል፣ እጁ ያልለመደም ሰው ብረቱን ያቃጥልበታል። ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ከጥርሱ ጋር የሚመጣጠን ድቡልቡል ሞረድ፣ ሞረዱን በትክክለኛው ማዕዘን የሚይዝ መምሪያ፣ አንድ ጠፍጣፋ ሞረድና የጉብታ መለኪያ ነው። ገንዘብ ካነሰ መምሪያው ይቅር፣ በጠመኔ መስመር ማስመር ይቻላል። መለኪያው ግን አይቅር። ይህን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት፦ ጉብታን በዓይን ገምቶ ማውረድ ክልክል ነው፤ መጋዙ ረግጦ ሰው ያቆስላል።

ሐናን የምትባል የሰቃ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይሄ የደረሰበት ሰው ያውቃሉ?»

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

ቀጥዬ ስለ ሞረድ ዓይነት አስረዳሁ፤ ምን እንዳስረዳሁ አላስታውስም። የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ሰንሰለቱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ አጋሮ ሄድኩ።

የአባ ቢያ ባለቤት አዴ ረሕማን በራቸው ላይ አገኘኋቸው። በጨርቅ የጠቀለሉት ነገር በእጃቸው ይዘው ሊወጡ ነው።

«ወዴት ነው አዴ?»

«ጎረቤት። ቢላዋ ላስል።» ወደ ቤቱ ጠቆም አደረጉና ድምፃቸውን ቀነሱ። «እሳቸው አይነኩትም። እጄን አላምነውም ይላሉ። ድሮ አገሩ ሁሉ የሚያስለው እዚህ መጥቶ ነበር፤ አሁን እኛ ሰው ደጅ እንሄዳለን። ግባ፣ ግባ፣ ሲያዩህ ደስ ይላቸዋል።»

ደስ አላቸው። የተሰጣ ቡና አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ተማሪው አስተማሪ ሆኖ መጣ» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ስለ እናቴ፣ ስለ አባቴ፣ ስለ ክፍሌ ጠየቁኝ። ተማሪዎቼ ይፈሩኝ እንደሆን ጠየቁ፤ አይፈሩኝም አልኩ። «ጥሩ ነው። የሚፈራ ሰው አይጠይቅም» አሉ። ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ሰንሰለቱን አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩና ከሚስማሩ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። በቅደም ተከተል ነገርኳቸው፤ ሌላ አነጋገር አላውቅም።

እየሰሙ ጥፍራቸውን ጥርሶቹ ላይ ያስኬዱ ነበር። ጉብታዎቹ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ስንት ጊዜ ገፋሃቸው?»

«አልቆጠርኩም።»

«አልቆጠርክም» አሉ። «መለኪያውስ?»

«እርስዎ ኪስ ውስጥ ነበር።»

«ስልክ አልነበረህም?»

«ግራይንደር መግዛቴን እንዳያውቁብኝ ብዬ ነው። ይስቁብኛል ብዬ።»

«አዎ፣ እስቅብህ ነበር» አሉ። «ስቄ ስጨርስ መለኪያውን እሰጥህ ነበር።»

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ሰንሰለቱን ከጣት ወደ ጣት እያስተላለፉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ ቀስ ብለው ቀጠሉ።

«የዚያን ዕለት ጥፍሬን አላስነካሁም። ፊቴ ቆመህ ነበር። የገዛ ተማሪዬን ዕቃ እንዴት እመረምራለሁ አልኩ። እሺ፣ እሱ የኔ ነው። ቁስሉም ይሁን፤ መጋዝ የያዘ ሰው ይቆስላል። ግን ሰው እየመጣ ሲጠራኝ እምቢ ያልኩት እጄ ነው ብዬ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄን እጅ ስሰድበው ኖርኩ። በማግሥቱ ብትነግረኝ፣ ካልጋ ስነሣ ሌላ ሰንሰለት አስገብቼ እሄድ ነበር።»

«አሁንስ አባ ቢያ? መጋዝ እኔ ልግዛ…»

«አሁን ትከሻዬ ተቀምጦ ደረቀ። ዓይኔም ደከመ። ያኔ አልደከመም ነበር።»

ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ከፈቱት፣ ጨበጡት፣ መልሰው ከፈቱት። ባላጠፋው ጥፋት ታስሮ የኖረን ሰው በሚያዩበት ዓይን አዩት። ያን ሳይ ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ ይቅር እንዲሉኝ ለመንኩ። በትከሻዬ ይዘው አነሡኝ።

«አላህ ይቅር ይበልህ» አሉ። የራሳቸውን ይቅርታ ግን አልጨመሩበትም።

ፀሐይዋ ወደ ቡናው ዞራ ነበርና ተነሥተው በመዳፋቸው አገላበጡት። እኔም ጎንበስ ብዬ ላግዝ ስል አልከለከሉኝም። ስጨርስ፣ እንግዳ መሸኘት ልማድ ነውና፣ ሰንሰለቱን እንደያዙ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኙኝ። የጅማ ሚኒባስ እስኪመጣ አብረውኝ ቆሙ። ስገባ «በደህና ግባ፤ እናትህን ሰላም በልልኝ» አሉኝ።

ደግሞ ና አላሉኝም።